‹‹ከተፈቀደው በታች ነው›› ማን የፈቀደው? የጨረራ ደኅንነት ደንብና የሕዝብ ድርሻ

ከጥቂት ዓመታት በፊት የስድስት ዓመት ልጄ ሳል ጠንቶባት ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ። ሐኪሙ የደረት ራጅ አዘዘ። ልጅቷ ፈርታ ብቻዬን አልቆምም ስላለች የራጅ ባለሙያው ‹‹ጋሼ፣ እርስዎ ይያዟት›› አለኝ። ያዝኳት። ግድግዳው ላይ የእርሳስ ሽርጥ ተሰቅሏል፤ ያቀበለኝ ግን አልነበረም። ሲያበቃ ጨረሩ ይጎዳን እንደሆነ ጠየቅሁት። ፈገግ ብሎ ‹‹ምንም አይደለም፤ ከተፈቀደው በታች ነው›› አለኝ። ‹‹የፈቀደው ማን ነው?›› ስለው ትንሽ አሰብ አደረገና ‹‹እንግዲህ መንግሥት ይሆናል›› ሲል መለሰልኝ።

ባለሙያው ስለ አደጋው አነስተኛነት የተናገረው ስህተት አልነበረም። አንድ የደረት ራጅ ለአዋቂ ሰው የሚሰጠው ጨረራ 0.02 ሚሊሲቨርት አካባቢ ነው። ሰው ሁሉ ከአፈር፣ ከአየር፣ ከምግብና ከሕዋ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ስለሚቀበል፣ ራጁ የሦስት ቀን የተፈጥሮ ጨረራን ያህል ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ስለ ፈቃዱ የተናገረው ግን ትክክል አልነበረም። በዓለም አቀፍ መርሕ መሠረት ለታካሚ ‹‹የተፈቀደ ገደብ›› የሚባል ነገር የለም። ያለው ግዴታ ራጁ በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ ብሎ መመዘንና የሚፈለገውን ምስል ለማግኘት የሚበቃውን አነስተኛ መጠን ብቻ መጠቀም ነው። ልጁን ደግፎ የሚይዝ ወላጅም ሽርጡ ሊሰጠው ይገባል። ያም ሆኖ በልቤ የቀረው ጥያቄዬ ነው። የፈቀደው ማን ነው? የሚፈቅደውስ ማንን ጠይቆ ነው? ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን ተከትዬ ያገኘሁትን ለአንባቢያን ለማካፈል የተዘጋጀ ነው።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

በአብዛኛዎቹ አገሮች ደንብ ውስጥ የምናገኛቸው ቁጥሮች መነሻ እ.ኤ.አ. በ1928 የተቋቋመው የጨረራ መከላከል ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ነው። ኮሚሽኑ የመንግሥታት ድርጅት አይደለም፤ የባለሙያዎች ስብስብ ነው። ምክረ ሐሳቡን ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ወደ ደኅንነት መመዘኛ ይለውጠዋል፣ መንግሥታት ደግሞ ከዚያ ወስደው ሕግ ያደርጉታል። ዛሬ የሚመከረው ገደብ በሥራቸው ምክንያት ለጨረራ ለሚጋለጡ ሠራተኞች በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት፣ ለተራው ሕዝብ ደግሞ በዓመት 1 ሚሊሲቨርት ነው። ገደቡ የተፈጥሮ ጨረራንና ለሕክምና የሚወሰደውን አይጨምርም።

እነዚህ ቁጥሮች ከሰማይ የወረዱ አይደሉም። እ.ኤ.አ. እስከ 1990 ድረስ ኮሚሽኑ ለሠራተኞች የሚመክረው በዓመት 50 ሚሊሲቨርት ነበር። ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ የአቶም ቦምብ የተረፉ ሰዎች የጤና መረጃ እንደገና ሲመረመር አደጋው ቀድሞ ከታሰበው በልጦ በመገኘቱ ወደ 20 ወረደ። አውሮፓውያን ይህንን ተቀበሉ። አሜሪካ ግን የሠራተኞቿን ገደብ 50 ላይ አቆየችው። እ.ኤ.አ. በ2014 የኑክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽኗ ደንቡን ላሻሽለው ወይ ብሎ የሕዝብ አስተያየት ከጠየቀ በኋላ በ2016 ሐሳቡን ተወው። ሳይንሱ ለሁለቱም አንድ ነው፤ ውሳኔያቸው ግን ተለያየ።

የተለያየበት ምክንያት በአንድ ቁጥር ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች ስላሉ ነው። የመጀመርያው ‹‹ይህን ያህል ጨረራ ምን ያህል ጉዳት ያደርሳል?›› የሚለው ነው። ይህ የሳይንስ ጥያቄ ነው፤ መልሱንም ከሐኪም፣ ከፊዚክስ ባለሙያና ከስታቲስቲክስ አዋቂ እንጠብቃለን። ደንብ አውጪዎች የሚጠቀሙበት ግምት እያንዳንዱ 1 ሚሊሲቨርት ከ100 ሺሕ ሰዎች በአምስት ያህሉ ላይ በሕይወት ዘመናቸው ለሞት የሚያደርስ ካንሰር ሊጨምር ይችላል ይላል። በዝቅተኛ መጠን ላይ ይህ በቀጥታ የተለካ ሳይሆን ከከፍተኛ መጠን ተነስቶ ወደ ታች የተሰላ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ‹‹ይህን ያህል ጉዳት ለማን ጥቅም ሲባል፣ በማን ላይ ይፈቀዳል?›› የሚለው ነው። ለዚህኛው የሚሆን የመለኪያ መሣሪያ የለም። ከመቶ ሺሕ አምስት ሰው ብዙ ነው ወይስ ጥቂት የሚለውን የፊዚክስ ሊቁም ሆነ ባለሱቁ እኩል ሊናገሩ ይችላሉ። የሕዝብ ተሳትፎ የሚባለው ነገር ሥፍራው እዚህ ላይ ነው።

አሜሪካ 1990፤ ሕዝብ የተቃወመው ፖሊሲ

የአሜሪካን ልምድ የመረጥኩት ሁለቱም ዓይነት ታሪክ በሰነድ ተመዝግቦ ስለሚገኝ ነው። እዚያ አገር እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ ባለው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ደንብ ሲያወጣ ረቂቁን በመንግሥት ጋዜጣ ያሳትማል፣ ማንም ሰው በጽሑፍ አስተያየት እንዲሰጥ ጊዜ ይሰጣል፣ ከዚያም የመጨረሻውን ደንብ ሲያወጣ ለቀረቡለት ዋና ዋና ነጥቦች መልስ ይሰጣል። መልስ ያልሰጠ ወይም ምክንያቱ የማያሳምን እንደሆነ ፍርድ ቤት ደንቡን ሊያፈርሰው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1990 የኑክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽኑ ‹‹ለቁጥጥር ከሚያበቃ ደረጃ በታች›› የተሰኘ ፖሊሲ አወጣ። በፖሊሲው መሠረት አንድ ሥራ ለአንድ ሰው የሚያደርሰው ጨረራ በዓመት ከ0.1 ሚሊሲቨርት በታች ከሆነ፣ በየቤቱ ለሚሠራጩ ዕቃዎች ደግሞ ከ0.01 ሚሊሲቨርት በታች ከሆነ ከቁጥጥር ነፃ ሊደረግ ይችላል። በቁጥር ደረጃ ካየነው መጠኑ እጅግ አነስተኛ ነው። ሆኖም በመላ አገሪቱ ቁጣ ተቀሰቀሰ። ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም። አነስተኛ ጨረራ ያለው ቆሻሻ ከተራ ቆሻሻ ጋር ተደባልቆ በየሠፈሩ ማጠራቀሚያ ሊጣል፣ ብረቱም ቀልጦ ሌላ ዕቃ ሊሆን ነው፤ ነዋሪው ግን አይነገረውም። ሰዎች የተቃወሙት 0.1 የሚለውን ቁጥር ብቻ አልነበረም። እነሱ ሳያውቁና ሳይስማሙ በእነሱ ላይ የሚወሰን መሆኑን ነው።

 ኮሚሽኑ በ1991 ተፈጻሚነቱን አግዶ ወገኖችን ለማስማማት ሞከረ፤ አልሆነለትም። በ1992 የአገሪቱ ምክር ቤት በኢነርጂ ፖሊሲ ሕጉ ፖሊሲውን ሻረው። ‹‹ምክር ያጣ ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ›› የሚለው የአገራችን ብሂል ለመሥሪያ ቤትም ይሠራል ማለት ነው።

ዩካ ተራራ፤ አስተያየት ቁጥር የቀየረበት

ሁለተኛው ታሪክ የኔቫዳው ዩካ ተራራ ነው። ከላስ ቬጋስ በስተሰሜን ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው ይህ ተራራ የአሜሪካ ኑክሌር ማመንጫዎች ያገለገለ ነዳጅ እንዲቀበርበት እ.ኤ.አ. በ1987 በሕግ ብቸኛ ተጠኚ ሥፍራ ሆኖ ተመረጠ። የኔቫዳ ግዛት ሕዝብ በግዛቱ አንድም የኑክሌር ማመንጫ ሳይኖረው የሌሎችን ቆሻሻ ተቀበል ተባለ።

የደኅንነት መመዘኛውን የማውጣት ኃላፊነት የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ነበር። ኤጀንሲው በ2001 ባወጣው ደንብ በአቅራቢያው የሚኖር ሰው በዓመት ከ0.15 ሚሊሲቨርት በላይ እንዳይደርሰው ወሰነ፤ ነገር ግን ገደቡ የሚሠራው ለ10 ሺሕ ዓመት ብቻ ነው አለ። የኔቫዳ ግዛትና የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ከሰሱ። ክርክራቸው ቀላልና ጠንካራ ነበር። የሳይንስ ብሔራዊ አካዳሚ በ1995 ባቀረበው ጥናት ከፍተኛው ጨረራ ወደ ሰው የሚደርሰው ከ10 ሺሕ ዓመት በኋላ ሊሆን እንደሚችል፣ ምዘናውም እስከ 1 ሚሊዮን ዓመት ሊሄድ እንደሚችል ገልጾ ነበር። ምክር ቤቱም ደንቡ ከአካዳሚው ምክር ጋር እንዲስማማ አዟል። በሐምሌ 1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 2004) የዋሽንግተን ዲሲ ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በዚህ ነጥብ ለከሳሾቹ ፈረደ።

ኤጀንሲው በ2005 አዲስ ረቂቅ ይዞ ቀረበ። ለመጀመርያው 10 ሺሕ ዓመት 0.15 ሚሊሲቨርት እንዳለ ሆኖ፣ ከዚያ በኋላ እስከ 1 ሚሊዮን ዓመት ድረስ 3.5 ሚሊሲቨርት እንዲፈቀድ ሐሳብ አቀረበ። አመክንዮው በኮሎራዶ ያለ ሰው ከተፈጥሮ የሚያገኘው ጨረራ በተራራው አቅራቢያ ካለው ነዋሪ በዚያን ያህል ስለሚበልጥ፣ ጭማሪው ሰዎች ዛሬም የሚኖሩበት መጠን ነው የሚል ነበር። ረቂቁ ለሕዝብ ይፋ ሆነ፤ በአማርጎሳ ሸለቆ፣ በላስ ቬጋስና በዋሽንግተን የሕዝብ መድረኮች ተካሄዱ። አማርጎሳ የጉድጓድ ውኃ ጠጥተው በዚያው የሚያርሱ ገበሬዎች መንደር ነው፤ ከተራራው ሥር የሚሄደው የከርሰ ምድር ውኃም ወደ እነሱ ነው የሚፈሰው።

በአስተያየቶቹ ውስጥ የተነሳው ትልቁ ጥያቄ የፍትሕ ነበር። ዛሬ ያለ ሰው በ0.15 የሚጠበቅ ከሆነ፣ ገና ያልተወለደው ከሃያ እጥፍ በላይ የሚሸከምበት ምክንያት ምንድን ነው? ከኤሌክትሪኩ አንዲት አምፖል ያልበራለት ትውልድ ዕዳውን ብቻ ለምን ይወርሳል? ኤጀንሲው ጥያቄውን በዝምታ ሊያልፈው አልቻለም፤ ሕጉ መልስ ያስገድደዋል። በ2008 የመጨረሻው ደንብ ሲወጣ 3.5 የነበረው ቁጥር ወደ 1 ሚሊሲቨርት ወርዶ ተገኘ። ውጤቱ የሚሰላበት ዘዴም ተስተካከለ።

ኔቫዳ በዚህም አልረካችም፤ ሙግቱን ቀጠለች። ፕሮጀክቱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2010 ቆመ፣ ነዳጁም በየማመንጫው ግቢ ተከማችቶ ይገኛል። ስለዚህ የሕዝብ ተሳትፎ ሁሉንም ያስማማል ብዬ አልከራከርም። የተገኘው ውጤት ግን በግልጽ የሚታይ ነው። ገበሬዎች፣ ጠበቆችና ሳይንቲስቶች በአንድ ረቂቅ ላይ ጽፈው አንድ ቁጥር ከሲሶው በታች እንዲወርድ ምክንያት ሆነዋል።

ጃፓን 2011፤ እናቶች ያስቀየሩት መመርያ

ሕዝብን መጠየቅ የተረጋጋ ጊዜ ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። የፉኩሺማ ታሪክ የሚያሳየው ግን ተቃራኒውን ነው። ከመጋቢት 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 2011) አደጋ በኋላ የጃፓን ትምህርት ሚኒስቴር ለፉኩሺማ ትምህርት ቤቶች በዓመት 20 ሚሊሲቨርትን መነሻ አድርጎ፣ በሜዳ ላይ በሰዓት እስከ 3.8 ማይክሮሲቨርት የሚፈቅድ መመርያ አወጣ። 20 ሚሊሲቨርት ከላይ እንዳልነው የሠራተኛ ገደብ ነው። የመንግሥት አማካሪ የነበሩት የጨረራ ደኅንነት ፕሮፌሰር ቶሺሶ ኮሳኮ ይህ መጠን ለሕፃናት እንዲሆን አልቀበልም ብለው በጋዜጠኞች ፊት እያለቀሱ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ወላጆች ከፉኩሺማ ቶኪዮ ድረስ መጥተው ሚኒስቴሩን ከበቡ። ከአራት ቀናት በኋላ ሚኒስትሩ ዒላማው በትምህርት ቤት 1 ሚሊሲቨርት እንዲሆን፣ የተበከለውን የሜዳ አፈር ለማንሳት የሚወጣውን ወጪም መንግሥት እንዲሸፍን መወሰኑን አስታወቁ።

በአደጋ ጊዜ ከ20 እስከ 100 ሚሊሲቨርት ባለው ክልል ውስጥ መወሰን እንደሚቻል ዓለም አቀፉ ኮሚሽን ይመክራል። ስለዚህ ሚኒስቴሩ ቁጥሩን ከባዶ አላመጣውም። የጎደለው ልጆቹ የሚጫወቱበትን ሜዳ የሚያውቁትን ወላጆች አስቀድሞ መጠየቅና ለምን 20 እንደሆነ በሚገባቸው ቋንቋ ማስረዳት ነበር። ይህ ባለመሆኑ የጠፋው እምነት በኋላ በተሻለ ቁጥር እንኳ በቀላሉ አልተመለሰም።

አስተያየት ድምፅ መስጠት አይደለም

የተሳትፎ ደካማ ጎኖችንም መዝለል አይገባም። አንደኛ፣ አስተያየት መቀበል የእጅ ቆጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ሦስት አቤቱታ አቅራቢዎች ዝቅተኛ ጨረራ ጉዳት የለውም፣ እንዲያውም ሊጠቅም ይችላል በማለት የአሜሪካው ኮሚሽን ደንቡን መሠረት ያደረገበትን ግምት እንዲጥል ጠየቁ። ከ3,000 በላይ አስተያየቶች ጎረፉ፤ አብዛኞቹ ግን አንድ ዓይነት ደብዳቤ ተባዝቶ የተላከ ነበር። ኮሚሽኑ የደብዳቤውን ብዛት ሳይሆን የቀረበውን ማስረጃ መዝኖ በ2021 አቤቱታውን ውድቅ አደረገ። ሁለተኛ፣ ጠበቃና ላቦራቶሪ ያለው ኩባንያ ከአንድ የመንደር ነዋሪ ይልቅ ረዥምና የተደራጀ አስተያየት መጻፍ ይችላል። መድረኩ ለሁሉም ክፍት ቢሆንም ሁሉም እኩል አይደርስበትም።

ሦስተኛው ደግሞ የፖለቲካ ነፋስ ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 2025) የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ኮሚሽኑ ያንኑ ግምት መልሶ እንዲመረምር በትዕዛዝ ጠየቁ። ከአራት ዓመት በፊት ተከራክሮ የተዘጋ ጉዳይ እንደገና ተከፈተ ማለት ነው። ቁጥር አንዴ ተወስኖ የሚያበቃ ነገር አለመሆኑን፣ የሕዝብ ንቃትም እንዲሁ አንዴ ታይቶ የሚቀመጥ አለመሆኑን ይህ ያስታውሰናል።

የእኛስ?

አገራችን የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው ኤጀንሲው በተመሠረተበት እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። የጨረራ መከላከያ ሕጋችን በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 ጀመረ፤ በአዋጅ ቁጥር 571/2000 ተተካ፤ ይህም በተራው በአዋጅ ቁጥር 1025/2009 ተተካ። የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ሥራም ኋላ ወደ ኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ተሸጋግሯል። ዝርዝር ቁጥሮቹና ግዴታዎቹ ግን በአብዛኛው የሚገኙት በአዋጁ ሳይሆን ከአዋጁ በታች በሚወጡ መመርያዎች ውስጥ ነው። አዋጅ በተወካዮች ምክር ቤት ክርክር ይደረግበታል። መመርያ ግን ለረዥም ዘመን በመሥሪያ ቤት በር ውስጥ ተረቅቆ በዚያው የሚጸድቅ ነበር።

ይህንን የቀየረው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ነው። አዋጁ አስተዳደራዊ ተቋማት መመርያ ከማውጣታቸው በፊት ረቂቁን ይፋ እንዲያደርጉና የሕዝብ አስተያየት እንዲቀበሉ ያስገድዳል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 92 ሕዝብ እሱን በቀጥታ በሚመለከቱ የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮግራሞች ዝግጅት ሐሳቡን የመግለጽ መብት ሰጥቶታል። ስለዚህ ሕጉ አለን። እንደ እኔ እምነት የሚጎድለን በሕጉ የሚጠቀም ሰው ነው።

ጉዳዩ የሚነካቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። በየክሊኒኩ ቀኑን ሙሉ ራጅ የሚያነሱ ባለሙያዎች አሉ፤ የሚቀበሉትን ጨረራ የሚለካ ባጅ በየጊዜው ተነቦ ውጤቱ ይነገራቸዋል ወይ? የአስፋልት ጥግግት ለመለካት ጨረር አመንጪ መሣሪያ ይዘው የሚዞሩ የመንገድ ሥራ ቴክኒሺያኖች አሉ። በጉጂ ዞን ቀንጢቻ የሚገኘው የታንታለም ማዕድን ዩራኒየምና ቶሪየም ያለበት ነው፤ አቧራው የሚነካቸውን ሠራተኞችና ጎረቤቶች የሚመለከት መመርያ በአፋን ኦሮሞ ካልደረሳቸው ተማከሩ ሊባል አይችልም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሩሲያ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር በሞስኮ ተፈራርመዋል። ማመንጫው ከየት ውኃ እንደሚቀዳ፣ ያገለገለው ነዳጅ የት እንደሚቀመጥ፣ በአቅራቢያው የሚኖረው ገበሬ ምን ያህል ጨረራ ሊደርሰው እንደሚፈቀድ የሚወስኑ ደንቦች መጻፋቸው አይቀርም። ዩካ ተራራ ያስተማረን አንድ ነገር ቢኖር ጥያቄው መነሳት ያለበት ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት መሆኑን ነው።

ረቂቅ ለአስተያየት ሲቀርብ አንባቢ አራት ነገሮችን እንዲመለከት እመክራለሁ። የመጀመርያው ረቂቁ ተራ ሰው በሚገባው ቋንቋ ተጽፎ ከነምክንያቱ መቅረቡ ነው። ሁለተኛው የተሰጠው ጊዜ ለማንበብና ለመማከር መብቃቱ ነው። ሦስተኛው የሚነካቸው ሰዎች ባሉበት መጠየቃቸው ነው፤ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ የሚደረግ የግማሽ ቀን ዓውደ ጥናት የቀንጢቻን ሠራተኛ አይተካም። አራተኛውና ዋናው ደግሞ መሥሪያ ቤቱ የተቀበለውንም ያልተቀበለውንም አስተያየት ከነምክንያቱ በጽሑፍ መመለሱ ነው። በአሜሪካ 3.5ን ወደ 1 ያወረደው የስብሰባው ብዛት ሳይሆን የመመለስ ግዴታው ነበር።

ባለፈው ጥር ልጄን ለሌላ ራጅ ሌላ ቦታ ወሰድኳት። አሁን አድጋለች፤ ብቻዋን ትቆማለች። ባለሙያዋ ከማንሳቷ በፊት ‹‹ሌላ ቦታ በቅርብ ተነስታ ነበር?›› ብላ ጠየቀችኝ። የድሮውን ፊልም ሰጠኋት። አየችውና ወደ ሐኪሙ ደወለች፤ ከዚያም ‹‹ለዛሬ አያስፈልጋትም›› አለችን። መመርያ የሚባለው ነገር በየቀኑ የሚኖረው እንዲህ ባለ አንድ ጥያቄ ውስጥ ነው። ያንን ጥያቄ መጠየቅ የባለሙያዋ በጎ ፈቃድ ሳይሆን ግዴታ እንዲሆን የሚፈልግ ሰው፣ ቀጣዩ ረቂቅ ይፋ ሲሆን አንድ ገጽ ጽፎ ይላክ።